በመንጋጋ ጥርሶች መካከል የሚሞላ ነጭ ሙሌት፦ ማትሪክስና ሽብልቅ ምን ይሠራሉ?

የመንጋጋ ጥርስዎ ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር በሚጠጋጋበት በኩል ከተበላ፣ ሐኪሙ ቀዳዳውን የጥርስ ቀለም ባለው መሙያ (በሕክምና ስሙ ኮምፖዚት) ሊሞላው ይችላል። ሙሌቱን ከመጀመሩ በፊት በጥርስዎ ጎን ስስ የብረት ጥብጣብ ያስገባል፤ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ደግሞ ትንሽ ሽብልቅ ይሰካል። ጥብጣቡ ማትሪክስ ይባላል። ሁለቱም ሥራው ሲያልቅ ይወጣሉ፤ በአፍዎ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። ሆኖም ከሕክምናው በኋላ ሥጋ በጥርስዎ መካከል እየገባ ያስቸግርዎት እንደሆነ፣ ድድዎ ይደማ እንደሆነ፣ ሙሌቱም ይቆይ እንደሆነ በአብዛኛው የሚወሰነው እነዚህ ሁለት ትንንሽ ነገሮች በተቀመጡበት ሁኔታ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በተለይ በቢቸና፣ በሞጣና በአካባቢያቸው ለሚኖሩ ታካሚዎችና ቤተሰቦች ነው። በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው ወደ ጤና ተቋም የሚመጣው የጥርስ ሕመም እንቅልፍ ሲነሳው ነው፤ የመጀመሪያ ጥያቄውም «ንቀሉልኝ» የሚል ነው። ሙሌት የሚሠሩት የጥርስ ሐኪሞችና የጥርስ ሕክምና ባለሙያዎች ናቸው። እኔ ጠቅላላ ሐኪም ስለሆንኩ የማገኛችሁ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት «ይሞላ ወይስ ይነቀል?» ስትሉ፣ ከተመለሳችሁ በኋላ ደግሞ «አስሞልቼው ምግብ ይገባበታል፤ እንዲህ ነው የሚሆነው?» ስትሉ። ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፦ እንዲህ መሆን የለበትም። ምክንያቱን ከዚህ በታች ያገኙታል።

ጥርስ በጎን በኩል ሲበላ

የመንጋጋ ጥርስ አምስት ገጽ አለው። አንዱ ምግብ የሚፈጭበት የላይኛው ገጽ ነው። ሁለቱ በጉንጭና በምላስ በኩል ያሉት ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ጥርሶች ጋር የሚጠጋጋባቸው ጎኖች ናቸው። ብሩሽም ሆነ መፋቂያ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገጾች ያጸዳል፤ ሁለቱን ጎኖች ግን አይደርስባቸውም። የምግብ ቅሪት በዚያ ሲቆይ ባክቴሪያዎች በውስጡ ያለውን ስኳር ወደ አሲድ ይቀይሩታል፤ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። «ጥርሴን ትል በላው» የሚባለው ይኸው ነው፤ ትል ግን የለም።

እንዲህ ያለው ቀዳዳ በመስታወት ላይታይ ይችላል። የሚከተሉት ምልክቶች ካሉ ይጠርጥሩ፦

• ቀድሞ ምግብ በማይገባበት ቦታ ምግብ መግባት ሲጀምር
• ቀዝቃዛ ውኃ፣ ስኳር ያለው ሻይ ወይም ማር ሲነካው ለአፍታ ሲጠዘጥዝ
• የጥርስ ክር በዚያ በኩል ሲያልፍ ሲበጣጠስ
• በጥርሱ ጠርዝ ላይ ከሥር ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ጥላ ሲታይ
• ቆሎ ወይም አጥንት ሲቆረጥም የጥርሱ ጠርዝ ድንገት ሲሰበር

ሐኪሙ በራጅ የቀዳዳውን ጥልቀት፣ ወደ ነርቩ ምን ያህል እንደቀረበም ያያል። ሕመሙ ለአፍታ መጥቶ የሚሄድ ከሆነ ጥርሱ ብዙውን ጊዜ በሙሌት ብቻ ሊድን ይችላል። ሕመሙ ራሱን ችሎ ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነ ወይም ትኩስ ነገር ከነካው በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ከሆነ፣ ችግሩ ነርቩ ጋ ደርሶ ሊሆን ስለሚችል ሙሌት ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ሕመሙ ገና ቀላል ሳለ መታየት ጥርሱን ያተርፋል።

ሙሌቱ ግድግዳ መገንባት ነው

ጤናማ መንጋጋዎች ከላይኛው ጠርዛቸው ትንሽ ዝቅ ብለው እርስ በርስ ይነካካሉ። የሚነካኩበት ቦታ ጠባብ ቢሆንም ጥብቅ ስለሆነ ሲያኝኩ ምግብ ወደ ታች አይወርድም። ከሥሩ ያለችው ትንሽ የድድ ጫፍ የምትጠበቀውም በዚህ ነው። ጥርሱ በጎኑ ሲበላ ይህ መነካካት ይጠፋል።

የላይኛው ገጽ ብቻ ሲበላ ቀዳዳው እንደ ስኒ ነው፤ ዙሪያውን ግድግዳ ስላለው መሙያውን ማስገባት ይበቃል። ጎኑ ሲበላ ግን አንድ ግድግዳው እንደ ፈረሰ ቤት ነው። ሐኪሙ የፈረሰውን ግድግዳ በትክክለኛ ቁመቱና ጉብታው መልሶ መሥራት፣ ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር ማነካካት፣ ከድዱ በኩል ደግሞ ጠርዙን ልሙጥ ማድረግ አለበት።

ማትሪክስ ምንድን ነው?

ኮንክሪት ሲሞላ አይተው ከሆነ ማትሪክስን በቀላሉ ይረዱታል። ግንበኞች ኮንክሪት ከማፍሰሳቸው በፊት ካሳፎርም ይሠራሉ። ካሳፎርሙ ከተጣመመ ዓምዱ ይጣመማል፤ ከሥሩ ክፍተት ካለው ኮንክሪቱ ያፈስሳል፤ ሲደርቅም ያበጠ እግር ይዞ ይቀራል። ማትሪክስ የጥርስ ካሳፎርም ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 0.05 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ የብረት ጥብጣብ ሲሆን፣ ከግልጽ ፕላስቲክ የሚሠራም አለ።

በብዛት የሚታዩት ሁለት ዓይነቶች ናቸው፦

ዙሪያውን የሚከብ ማትሪክስ፦ ጥብጣቡ ጥርሱን ሙሉ በሙሉ ይከብበዋል፤ ከአፍ ወጣ ብሎ በሚታይ የብረት መያዣም ይጠበቃል። ባለሙያዎች ቶፍልማየር ይሉታል። በብዙ ቦታ የሚገኝ፣ በርካታ ግድግዳዎቹ ለፈረሱበት ጥርስም የሚያገለግል ነው። ጥብጣቡ ቀጥ ያለ ስለሆነ ግን ሐኪሙ ጉብታውን በእጁ ማውጣት ይኖርበታል።

ቁራጭ ማትሪክስ፦ አስቀድሞ የጥርስ ጎን ጉብታ እንዲኖረው ሆኖ የተሠራ ትንሽ ቁራጭ ነው፤ የሚገባውም በተበላው ጎን ብቻ ነው። ከላዩ ሁለቱን ጥርሶች በትንሹ የሚገፋ እንደ ስፕሪንግ ያለ ቀለበት ይደረግበታል። ለነጭ ሙሌት ጠበቅ ያለ መነካካት በማስገኘት ይህ ዓይነቱ የተሻለ እንደሆነ ጥናቶች ያሳያሉ።

ወንበር ላይ ሆነው መያዣው ጉንጭዎን ሲነካው ወይም ቀለበቱ ጥርስዎን ሲጫነው አይደንግጡ። መጫኑ የሥራው አካል ነው።

ሽብልቁስ?

የመጥረቢያ ዛቢያ ሲላላ ሽብልቅ እንደሚመታበት፣ ግንድ ሲፈለጥም ስንጥቁ እንዳይዘጋ ሽብልቅ እንደሚገባበት ያውቃሉ። በጥርስ መካከል የሚሰካው ሽብልቅ ከክብሪት እንጨት ጫፍ ብዙም አይበልጥም፤ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ ይሠራል። ሦስት ሥራዎች አሉት።

1. ጥብጣቡን ከሥር ይጫነዋል። በድዱ በኩል በጥብጣቡና በጥርሱ መካከል ክፍተት ከቀረ መሙያው ሾልኮ ይወጣና ጠንክሮ እንደ ትንሽ መደርደሪያ ይቀራል። በዚያ ላይ ቆሻሻ ይጠራቀማል፤ ድዱ ይቀላል፣ ይደማል። ለዓመታት ከቆየም ጥርሱን የያዘው አጥንት ሊጎዳ ይችላል።

2. ሁለቱን ጥርሶች በጥቂቱ ያራርቃቸዋል። ጥብጣቡ ስስ ቢሆንም ውፍረት አለውና ሲወጣ በቦታው ክፍተት ይተዋል። ሽብልቁ አስቀድሞ ጥርሶቹን ካራራቃቸው፣ ሲወጣ ጥርሶቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ያን ክፍተት ይዘጉታል።

3. ድዱን ይጠብቃል። ድዱን ወደ ታች ገፍቶ ስለሚይዝ ደምና እርጥበት ወደ ሙሌቱ እንዳይገባ ይረዳል። አንዳንድ ሐኪሞች ቀዳዳውን መቦርቦር ከመጀመራቸው በፊት ሽብልቁን የሚሰኩትም ድዱንና ጎረቤቱን ጥርስ ከመሣሪያው ለመከላከል ነው።

ነጭ ሙሌት ለምን የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል?

ለረጅም ዘመን የኋላ ጥርሶች የሚሞሉት አማልጋም በሚባለው ብርማ መሙያ ነበር። አማልጋም በኃይል እየተጠቀጠቀ ስለሚገባ ጥብጣቡን ራሱ ወደ ጎረቤቱ ጥርስ ይገፋዋል። ኮምፖዚት ግን ለስላሳ ነው፤ ቢጫኑትም ጥብጣቡን አይገፋም። መነካካቱ የሚገኘው ከመሙያው ጉልበት ሳይሆን ከሽብልቁ፣ ከቀለበቱና ከጥብጣቡ ጉብታ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ እርጥበት ነው። ኮምፖዚት ከጥርሱ ጋር የሚጣበቀው በማጣበቂያ ነው፤ ምራቅ ወይም ደም ከነካው በደንብ አይጣበቅም። ሦስተኛው ደግሞ በብርሃን ሲጠነክር በትንሹ መኮማተሩ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆኑ ንብርብሮች እየተጨመረ እያንዳንዱ ንብርብር በየተራው ይጠነክራል። በአንዴ ወፈር አድርገው የሚጨምሩት የኮምፖዚት ዓይነትም አለ።

ነጭ ሙሌት ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስደው ለዚህ ነው። «ቶሎ ጨርሱልኝ» ከማለትዎ በፊት ይህን ያስታውሱ።

ወንበር ላይ ምን ይሆናል?

እንደ ቀዳዳው ስፋት ሕክምናው ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

1. ማደንዘዣ፦ መርፌው ለአፍታ ይቆነጥጣል። ከንፈርና ጉንጭ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይደነዝዛል።
2. ማድረቅ፦ ጥርሱ በጥጥና በምራቅ መምጠጫ፣ ወይም ከአፍ ላይ በሚወጠር የላስቲክ መከለያ ይለያል።
3. ማጽዳት፦ የተበላው የጥርስ ክፍል በመሣሪያ ይወጣል።
4. ማትሪክስና ሽብልቅ፦ ጥብጣቡ ይገባል፤ ሽብልቁ በጥርሶቹ መካከል ተጭኖ ይሰካል። መጫን ይሰማዎታል፤ የሚወጋ ሕመም ከተሰማዎት ግን እጅዎን አንሥተው ይንገሩ፤ ማደንዘዣ ይጨመርልዎታል።
5. ማጣበቅ፦ ጥርሱን ሻከር የሚያደርግ የአሲድ ጄል ይቀባል፤ ከታጠበ በኋላ ማጣበቂያ ይደረጋል። ጄሉ ምላስዎን ከነካ ይኮመጥጣል።
6. መሙላትና ብርሃን፦ እያንዳንዱ ንብርብር በሰማያዊ ብርሃን ይጠነክራል፤ እንደ መብራቱ ኃይልና እንደ መሙያው ዓይነት ከ10 እስከ 40 ሰከንድ ይወስዳል። ብርሃኑን በቀጥታ አይመልከቱ።
7. ማስተካከል፦ ሽብልቁና ጥብጣቡ ይወጣሉ፤ ሙሌቱ ይስተካከላል፣ ይለሰልሳል።

ሥራው ሲካሄድ ትንሽ ነገር ወደ ጉሮሮዎ እንደ ወረደ ከተሰማዎት ወዲያውኑ ይንገሩ። በተለይ ሳል ከጀመረዎት አፍረው ዝም አይበሉ።

ከወንበሩ ከመነሣትዎ በፊት

በተለይ ከሩቅ ከመጡ እነዚህን ሦስት ነገሮች ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ጥሩ ባለሙያ አይከፋውም።

• «በክር ይፈትሹልኝ።» ክሩ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ሲያልፍ ትንሽ ተቋቁሞ ቀጭ ብሎ መግባት አለበት። ያለ ምንም መቋቋም ከገባ መነካካቱ ላልቷል። ሲወጣ ከተበጣጠሰ ወይም ከሥር ከያዘው ሻካራ ወይም የተረፈ ጠርዝ አለ።
• «ንክሻዬ ትክክል ነው?» ባለቀለም ስስ ወረቀት ተነክሶ ከፍ ያለ ቦታ ካለ ይታያል። በደነዘዘ አፍ መለየት ስለሚያስቸግር ሁለት ሦስት ጊዜ ይንከሱ።
• «ቀዳዳው ምን ያህል ጥልቅ ነበር?» ወደ ነርቩ የቀረበ ከሆነ በቀጣዮቹ ሳምንታት ምን እንደሚጠብቁ ይወቁ።

ቤት ከገቡ በኋላ

ኮምፖዚት በብርሃን ወዲያው ስለሚጠነክር ሙሌቱ እስኪደርቅ መጠበቅ አያስፈልግም። መጠበቅ ያለብዎት ድንዛዜው እስኪለቅ ነው። ደንዝዞ ሳለ ቢያኝኩ ጉንጭዎንና ምላስዎን ይነክሳሉ፤ ትኩስ ቡናም ሳያውቁት ያቃጥልዎታል። ልጅ ያሳከሙ ከሆነ ከንፈሩን እንዳያኝክ እስከዚያ ድረስ ይጠብቁት።

የሚከተሉት የተለመዱ ናቸው፦

• ሽብልቁ ገብቶበት የነበረው ድድ ለአንድ እስከ ሦስት ቀን ይቆስላል፤ በመጀመሪያው ቀንም ሲቦረሽ ትንሽ ሊደማ ይችላል። ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ ያስታግሳል።
• ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ለአፍታ የሚጠዘጥዝ ስሜት ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሁለት ሳምንት ያህል ሊቆይ ይችላል፤ እየቀነሰ መሄድ ግን አለበት።
• በሁለቱ ጥርሶች መካከል የመጠበብ ስሜት ለአንድ ሁለት ቀን ሊሰማዎት ይችላል።

የሚከተሉት ካጋጠሙዎት ግን ወደ ሞላልዎት ባለሙያ ይመለሱ፦

• አፍዎን ሲዘጉ ያ ጥርስ ቀድሞ የሚነካ ከሆነ። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ የሚስተካከል ነው፤ ከተተወ ግን ጥርሱ ሲያኝኩ የሚያም ይሆናል።
• ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከባሰ፣ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነ።
• ድዱ ከአንድ ሳምንት በኋላም የሚደማ ወይም ያበጠ ከሆነ።
• በተሞላው በኩል ምግብ በየጊዜው የሚገባ ከሆነ።

ምግብ የሚገባበት ሙሌት

ብዙ ሰው የሚታገሠው ችግር ይህ ነው። ጥብስ ወይም ጥሬ ሥጋ ከበላ በኋላ ስንጥር ይይዛል፤ ስንጥሩ የገበታው አካል ይሆናል። ቤተሰቡም «የተሞላ ጥርስ እንዲህ ነው» ብሎ ይቀበለዋል። ነገር ግን ከሙሌቱ በፊት የማይገባ ምግብ ከሙሌቱ በኋላ መግባት ከጀመረ፣ ጥርሶቹ በደንብ አልተነካኩም ማለት ነው። በጊዜ ካልተስተካከለ ድዱ ይቆስላል፤ ከሙሌቱ ሥር አዲስ መበላት ይጀምራል፤ እስከዚያ ጤነኛ የነበረው የጎረቤት ጥርስም ሊበላ ይችላል። አንድ ጥርስ ለማዳን የተከፈለ ገንዘብ ሁለት ጥርስ አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል ማለት ነው።

የላላ መነካካት ከላይ በመለጠፍ አይስተካከልም። አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በኩል ያለው ሙሌት ወጥቶ በማትሪክስና በሽብልቅ እንደገና ይሠራል። ከድዱ በኩል ተርፎ የወጣ ጠርዝ ግን ትንሽ ከሆነ ሊሞረድና ሊለሰልስ ይችላል።

እስኪስተካከልልዎት ድረስ ስንጥር በኃይል አያስገቡ፤ ድዱን ይወጋል፣ ተሰብሮም ሊቀር ይችላል። የጥርስ ክር ወይም ለጥርስ መካከል የተሠራ ትንሽ ብሩሽ ይጠቀሙ።

ነጭ ሙሌት ሁልጊዜ የተሻለ ነው?

አይደለም። ቀዳዳው ከድዱ በታች ከወረደ፣ ድዱ እየደማ ማድረቅ ካልተቻለ ወይም የጥርሱ አብዛኛው ክፍል ከጠፋ፣ ሐኪሙ ሌላ መንገድ ሊመርጥ ይችላል፦

• ግላስ አዮኖመር፦ ይህም ነጣ ያለ ነው፤ እርጥበትን በተሻለ ይቋቋማል፣ ፍሎራይድም ይለቅቃል። በመንጋጋ ጫና ግን ከኮምፖዚት ቶሎ ይበላል። ለልጆችና ለጊዜያዊ ሙሌት ይጠቅማል።
• አማልጋም፦ ጠንካራ ነው፤ እርጥበትም ያን ያህል አያሰጋውም። ሜርኩሪ ስላለበት አገሮች በ2013 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የሚናማታ ስምምነት አጠቃቀሙን ለመቀነስ ተስማምተዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ የግድ ካልሆነ በስተቀር ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች እንዳይውል ተወስኗል። በአፍዎ ያለውና ችግር ያልፈጠረው አማልጋም ግን በፍርሃት መነቀል የለበትም።
• የሥር ሕክምናና ሽፋን፦ ነርቩ ከተጎዳ ወይም ግድግዳዎቹ ከሳሱ።
• መንቀል፦ ጥርሱ መዳን ካልቻለ። መንቀል ርካሽ ቢመስልም ክፍተቱ ጎረቤቶቹን ጥርሶች ሊያዘነብል፣ ማኘክንም ሊቀንስ ይችላል።

ለሐኪሙ አስቀድመው መንገር ያለብዎት

• የልብ ቫልቭ ከተቀየረልዎት ወይም ከዚህ በፊት የልብ ውስጠኛ ሽፋን ኢንፌክሽን ከነበረብዎት፦ ማትሪክስና ሽብልቅ ድድን ሊያደሙ ስለሚችሉ ከሕክምናው በፊት የሚወሰድ ፀረ ባክቴሪያ ሊያስፈልግዎት ይችላል። በልብ ሕመም ምክንያት በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወስዱ ከሆነም ይንገሩ፤ የሚታዘዘው መድኃኒት ሊለይ ይችላል።
• ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፦ በራስዎ አያቋርጡ፤ ግን ይንገሩ።
• የስኳር ሕመም ካለብዎት፦ ምግብዎንና መድኃኒትዎን በሰዓቱ ወስደው ይሂዱ። ለማደንዘዣው ባዶ ሆድ መሆን አያስፈልግም። የጾም ወቅት ከሆነ ቀጠሮውን ከሚመገቡበት ሰዓት ጋር ያስማሙ።
• ነፍሰ ጡር ከሆኑ፦ የሚያም ጥርስ እስከ ወሊድ መቆየት የለበትም። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ይመቻል።
• ለላስቲክ ጓንት፣ ለማደንዘዣ ወይም ለሌላ መድኃኒት አለርጂ ካለብዎት።

ከቢቸና ወይም ከሞጣ ሲነሡ

መጀመሪያ በቅርብዎ ባለው ሆስፒታል ይታዩ። «ጥርስ ትሞላላችሁ?» ብለው ብቻ አያቁሙ፤ «በጥርሶች መካከል የተበላ መንጋጋ በነጭ መሙያ ትሞላላችሁ? ማትሪክስና ሽብልቅ፣ የብርሃን መሣሪያም አለ?» ብለው ይጠይቁ። ከሌለ ሪፈር ይጻፍልዎት። ከቢቸና ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር መሄድ የተለመደ ነው፤ ከመነሣትዎ በፊት የሚያውቁት ሰው ካለ ቀጠሮ ያስይዝልዎት።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆኑ ደብተርዎንና የሪፈር ወረቀትዎን ይያዙ፤ ሙሌቱ በሽፋኑ ውስጥ መሆን አለመሆኑን ከመሄድዎ በፊት ይጠይቁ። ከዚህ በፊት የተነሡት ራጅ ካለ አይርሱት። የሚቻል ከሆነ ጠዋት ይታከሙ፤ ድንዛዜው ከለቀቀ በኋላ ንክሻው ከፍ ብሎ ካገኙት በዚያው ቀን ተመልሰው ያስተካክሉታል፤ ሌላ የጉዞ ወጪም ይቀርልዎታል።

ቀጠሮው እስኪደርስ አስፕሪን ድድ ላይ አያስቀምጡ፤ ያቃጥላል። አረቄ መያዝም ቀዳዳውን አያድነውም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን መግዛት ጥርሱን አይሞላም፤ መድኃኒቱ በሚያስፈልግዎት ቀን እንዳይሠራ ግን ሊያደርግ ይችላል። የጉበት ሕመም ለሌለበት አዋቂ ፓራሲታሞል በታዘዘው መጠን ሕመሙን ያስታግሳል።

ሙሌቱ እንዲቆይ

በደንብ የተሠራ ነጭ ሙሌት ለብዙ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። በቀን ሁለት ጊዜ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ይቦርሹ። ማታ በተሞላው በኩል ክር ያሳልፉ፤ ክሩን ወደ ላይ መንጥቀው ሳይሆን በጎን ስበው ያውጡት። ስኳር ያለው ሻይና ለስላሳ መጠጥ ቀኑን ሙሉ ከመጎንጨት ይልቅ ከምግብ ጋር ይውሰዱ። ጠጣር ቆሎና አጥንት በተሞላው በኩል አይቆርጥሙ፤ ጠርሙስም በጥርስዎ አይክፈቱ።

ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል የሚሄዱበት ጊዜ

ከሙሌት በፊትም ሆነ በኋላ ከሚከተሉት አንዱ ከታየ የጥርስ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያዎ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፦

• ወደ መንጋጭላ ሥር፣ ወደ አንገት ወይም ወደ ዓይን የሚሰፋ እብጠት
• ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከእብጠት ጋር
• አፍ አልከፈት ማለት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ መቸገር
• ከሕክምናው በኋላ የማያቋርጥ ሳል ወይም የትንፋሽ ማፏጨት

ከእነዚህ ውጪ ያለው የሙሌት ችግር አብዛኛው በጊዜ ከተነገረ የሚስተካከል ነው። ሙሌትዎ በወጉ ተሠርቶ ከሆነ በዚያ በኩል እንደ ድሮው ያኝካሉ፤ ክሩም ቀጭ ብሎ ያልፋል። ሁለቱ ካልሆኑ ስንጥር ከመግዛት ይልቅ ተመልሰው ይታዩ።